ለዚህ ቅጠል የለኝም

አማቴ ወደ ቤታችን የገቡት አንድ ሻንጣ ልብስና ስፍር ቁጥር የሌለው የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ነው። ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ዘይት የለም፤ አፈር ነው ያለው። አፈሩ ላይ ጦስኝ፣ ናና፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሣር፣ ዝንጅብል፣ ሬት፣ ሌላም ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር በቅሎበታል። ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ሞተር ማንሳት የለመደ ሰው። ያን ሁሉ ቆርቆሮ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ሲያወጣ ግን ወገቡ ሊበጠስ ደረሰ።

«እማዬ፣ ጫካውን እዚያው ትተሽው ብትመጪ ምን ነበረበት?» አላቸው እያለከለከ።

«ጫካውን ትቼው ብመጣማ ወገብህን በምን ላሽልህ ነበር?» አሉት። ወዲያው በሆዱ አስተኝተው ያሹት ጀመር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው እቤቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተማሪ የደንብ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው በረንዳው በር ሥር ነው፤ ደህና ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነዋ። አማቴም ለተክሎቻቸው የፈለጉት ያንኑ ብርሃን ሆነ። ጮክ ብለን ተጣልተን አናውቅም። እሳቸው ጠዋት ቆርቆሮዎቹን ወደ ብርሃኑ ይገፋሉ፣ እኔ ከሰዓት ወደ ጥጉ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ጸባቸው ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ሰላም ነው ይባላል። የምሰፋው ጨርቅ ሁሉ ግን ጦስኝ ጦስኝ መሽተት ጀመረ። አንዲት ደንበኛዬ «ልጄ አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ ክፍል ሲገባ አስተማሪው ሻይ አማረኝ አለ» ብላ ስቃብኛለች።

ብዙም ሳይቆዩ ሕንጻው በሙሉ «እማማ ቅጠል» ይላቸው ጀመር። በራችን መንኳኳት ሥራው ሆነ። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ሳል ይዞት ይመጣል፤ ጦስኝ በማር ጠጥቶ ይሄዳል። ዘበኛው አፍንጫው ተደፍኖ ይመጣል፤ ራሱን በፎጣ ሸፍኖ የባሕር ዛፍ እንፋሎት ይታጠንና ፊቱ ቲማቲም መስሎ ይወጣል። ባለቤቴ የጋለ የጭስ ማውጫ ነክቶ እጁን ያቃጠለ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዘው አቆሙት፤ «በቃ ቀዘቀዘ እኮ» ሲል «ዝም በል፣ ገና ነው» እያሉ አቆዩትና ከዚያ በኋላ ነው ሬቱን ልጠው ፈሳሹን የቀቡለት። የመጣው ሁሉ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ከመኪናዬ ላይ ቀና ሳልል የምሰማው ይህን ምስጋና ነበር። ከምስጋናው በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ግን ልብ ብዬ አላደመጥኩትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ደም አለው? ያተኩስሃል? ክብደትህ ቀንሷል?» ይላሉ። መልሱ ካልጣማቸው አንዲት ቅጠል አይበጥሱም፤ «ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሳትሄድ ተመልሰህ በሬን እንዳታንኳኳ» ብለው ይሸኙታል።

አንድ ቀን ጠዋት ለራሴ ቀሚስ ሰፍቼ ልኬቱን እያየሁ ነበር። ብብቱ ጋ ጠበቅ ስላለኝ በስፒል ልይዘው እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ጣቴ አንድ ጠጣር ነገር ላይ አረፈ። ቁልፍ መሰለኝ። እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ቁልፍ ምን ይሠራል ብዬ ቀሚሱን አወለቅሁት። ቁልፉ ከቀሚሱ ጋር አልወጣም።

ለባለቤቴ ነገርኩት፤ አብረን ሐኪም ቤት ሄድን፤ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችን ሐኪም በዕድሜ ከኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ስትናገር ሰውን ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ናት። የጡት ካንሰር ነው፣ ወደ ብብትሽ ጠጋ ብሎ ነው የወጣው አለችን። በጊዜ ነው የተገኘው፤ መጀመሪያ በቀዶ ጥገና ከጡትሽ ጋር ይወጣል፤ ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ትወስጃለሽ፤ ጸጉርሽ ይረግፋል፣ መልሶ ይበቅላል። እሷ ይህን ሁሉ ተረጋግታ ስታስረዳኝ እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢላዋ። ከሕንጻችን ሥር የሚሠራው ጫማ ሰፊ ሚስት ለቀዶ ጥገና ገብታ በእግሯ አልተመለሰችም። የሷ በሽታ ሌላ ነው ቢሉኝ ማን ይሰማል? የፈራ ሰው ምክንያት አያጣም።

እቤት ስንደርስ ባለቤቴ «ታዲያ መቼ ልትገቢ ነው?» አለኝ።

«እስቲ ላስብበት» አልኩት። በሆዴ ግን ጨርሼ ነበር። እማማ ቅጠልን የመሰለ ሰው እቤቴ ቁጭ ብሎ እያለ ምን ቆርጦኝ ነው ለቢላዋ የምተኛው?

በማግስቱ ከሰዓት ባለቤቴ ጋራዥ፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ሆነው አማቴን በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ከናናው ላይ ቢጫ ቢጫውን ቅጠል እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«አስቸግሪኝ። ብቻ ቆርቆሮ አንሺ አትበዪኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

እጃቸውን ያዝኩና ብብቴ ሥር አደረግኩት። ፈገግታቸው ጠፋ። ጣታቸው ዙሪያውን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቆመ፤ እንደገና ዞረ።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ቢያምሽ በወደድኩ፤ የሚያስፈራኝ የማያመው ነው» አሉ። «ሐኪም አይቶታል?»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ይፈስ ጀመር። «እማማ፣ እኔ ቀዶ ጥገና አልገባም። እርስዎ ያለዎትን ቀቅለው ይስጡኝ። መራራም ቢሆን እጠጣለሁ፤ ቢያቃጥልም እቀባለሁ፤ ጹሚ ቢሉኝ እጾማለሁ። ለሰው ሁሉ ሰጥተው የለ? ለኔም ይስጡኝ።»

አማቴ ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው የስፌት ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«ለዚህ ቅጠል የለኝም» አሉ።

«እንዴ፣ እማማ!»

«ለሳል አለኝ። ለሆድ ቁርጠት አለኝ። ለተቃጠለ እጅ፣ ለተደፈነ አፍንጫ፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው አለኝ። ለዚህ የለኝም። አለኝ የሚልሽ ከመጣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሞኝ ነው።»

«ቢያንስ ይሞክሩልኛ!»

«ቁራጭ ጨርቅ ነሽ እንዴ የሚሞከርብሽ?»

ሆድ ባሰኝ። እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። «የልጅዎ ሚስት ስለሆንኩ ነው፤ የሆድዎ ልጅ ብሆን ዝም ብለው አያዩኝም ነበር» አልኳቸው። ይህን በመስማታቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ወንበሩን ወደኔ ሳብ አደረጉና ጉልበታቸው ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጉኝ።

«ታላቅ እህት ነበረችኝ» አሉ። «ልጄም አያውቃትም፤ ሳይወለድ ነው የሞተችው። እንዳንቺው እዚህችው ጋ ወጣባት። እናታችን ደግሞ ከኔ አሥር እጅ ታውቅ ነበር፤ ይቺን የማውቃትን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነበር፤ ግን ይደረስ ነበር። እናቴ ቀቀለች፣ ወቀጠች፣ ለጠፈች። እህቴም አንድ ቀን መረረኝ ሳትል ጠጣች። ቅጠሉ አልገደላትም፣ ልጄ። ጊዜዋን ነው የበላባት። በመጨረሻ ተሸክመን ስንወስዳት ሐኪሙ ‹እስካሁን የት ነበራችሁ?› አለን። እናቴ ይቺን ቃል እስክትሞት አልረሳቻትም። ቅጠሉን አልተወችውም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ሲመጣባት መጠየቅ የጀመረችው። ደም አለው ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ወይ። እኔንም ስታስተምረኝ ከቅጠሉ በፊት ጥያቄውን ነው ያስጠናችኝ።»

እንባዬን በመቀነቴ ጫፍ ልጠርግ ስል ከጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አንስተው ሰጡኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ። «አንቺ አልደበቅሽም፤ ሐኪም አሳይተሻል። ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ነገ ቀሪውን አብረን እንሄዳለን።»

«እፈራለሁ፣ እማማ።»

«እኔስ የማልፈራ መስሎሻል? ተያይዘን እንፈራለና!»

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። ቀጠሮ ተያዘልኝ። የገባሁበት ቀን አማቴና ባለቤቴ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ባለቤቴ ኋላ እንደነገረኝ እሱ ሲንጎራደድ ወለሉን ሊጨርሰው ደርሶ ነበር፤ እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ውሃ እንኳ አልጠጡም። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የሳቸውን ፊት ነው። ትንሽ ቆይቼ አፌ ሲፈታ «ወጣ?» አልኳቸው።

«ወጣ! ሐኪሟ በደንብ ነው የወጣው ብላለች» አሉና ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ ሹክ አሉኝ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የብብቷን ጥላ ያተረፈች አንቺን አየሁ።»

ሳቅሁ። ስፌቱ እንዴት እንዳመመኝ! እያመመኝ ሳቅሁ፤ ባለቤቴ እብድ የሆንን መስሎት ነርሷን ሊጠራ ወጣ።

ቁስሉ ሲሽር ሁለተኛው ነገር መጣ፤ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ የሚሰጠው ቀይ ነው፤ ከላስቲኩ እየተንጠባጠበ ክንድ ውስጥ ሲገባ ሲያዩት ያስፈራል። የሚሰጥበት ክፍል ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ሁላችንም ፊት ለፊት እየተያየን እንቀመጣለን። ሐኪሟ ማቅለሽለሽ እንደሚመጣ ነግራ ክኒን ሰጥታኛለች። ክኒኑም አልጠላኝም፤ ረድቶኛል። ግን ሁሉንም አልቻለውም። የስፌት መኪናው ዘይት ሽታ፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ የሳሙና ሽታ፣ ኧረ የውሃ ሽታ! ውሃ ይሸታል ብዬ ባለቤቴን አስገርሜዋለሁ። የገባው ሁሉ ይወጣል። ቀሚሶቼ አንድ በአንድ ሰፉኝ፤ ሰፊዋ እኔው መሆኔ ነው ያሳቀኝ።

አማቴ የዝንጅብሉን ቆርቆሮ ሲያዩት ሲያዩት ሰነበቱ እንጂ አልነኩትም። ለሚቀጥለው ዙር ስንሄድ አንድ ፌስታል አንጠለጠሉ። ሐኪሟ ክፍል እንደገባን ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፉት። ከያንዳንዱ ተክል አንዳንድ ዘለላ፤ ክፍሉ በአንዴ ታጠነ።

«ዶክተር ልጄ፣ ይህ ሁሉ የኔ ነው» አሉ። «ላንቺ ሳልነግር አንዱንም አልሰጣትም። የቱ ይጠቅማታል? የቱ ይጎዳታል?»

ሐኪሟ የምትስቅ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። እሷ ግን ወንበሯን ሳበችና አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር።

«ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው። ሻይ ውስጥ ትንሽ፤ ብዙ አይሁን። ደም ሊያቀጥን ስለሚችል የደሟ መጠን ሲወርድ እኔ አቁሙ እላችኋለሁ። ናናውን ታሽተው። ጦስኙ ተፍልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጨው ተጨምሮበት ትጉመጥመጥበት፤ አፏ መቁሰሉ አይቀርም። ጤና አዳም ግን አይሆንም፣ እማማ። የሬቱንም ፈሳሽ እንዳትጠጣ። ይሄኛውን ደግሞ...» ስሙን የማላውቀውን አንዱን አገላብጣ አየችው። «ይሄኛውን አላውቀውም። ስለማላውቀው ይቅርባት።»

«ይቅርባታ» አሉ አማቴ ወዲያው።

«ሌላ ደግሞ፣ አሁን በሽታ የመከላከል አቅሟ ደካማ ነው። አፈሩን በእጇ እንዳትነካ። ቅጠሉም በደንብ ታጥቦ፣ ፈልቶ ካልሆነ አይሰጣት።»

አማቴ እያንዳንዱን ነገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ደገሙት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። «አላውቅም የሚል ሐኪም ነው የሚታመነው» አሉ። «ይቺ ልጅ እናቴን ታስታውሰኛለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዝንጅብሉ ነገር እንዲህ ሆነ። አማቴ ሥሩን ይቆፍሩና ያጥቡታል፤ ይልጡታል፤ እንደ ክር አሳስተው ይከትፉታል። ሻዩን አፍልተው ለብ እስኪል ያስቀምጡታል፤ ትኩስ ከሆነ ሽታው ይበረታብኛላ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሻይ ማንኪያ ይሰጡኛል። አንድ ማንኪያ፤ ወሬ። አንድ ማንኪያ፤ ወሬ። ወሬው ስለ ጎረቤት ነው፤ የትኬት ቆራጩ ከማን ጋር እንደታየ፣ ዘበኛው ሌባ ነው ብሎ የገዛ ወንድሙን እንዴት እንዳባረረ። ሳላውቀው ብርጭቆው ያልቃል። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የናናዋን ዘለላ ይዛ አፍንጫዬ ሥር ትቆማለች፤ «እማ፣ ተንፍሺ፤ አሁን ወደ ውስጥ፤ አሁን ወደ ውጭ» እያለች እንደ ወታደር ታዘኛለች። መጀመሪያ ሻዩ ረጋልኝ። ቀጥሎ ሾርባ። አንድ ቀን ሩዝ በላሁና ሁላችንም ሳህኑ ዙሪያ ተቀምጠን ይመለሳል አይመለስም እያልን ጠበቅን። አልተመለሰም። ባለቤቴ አጨበጨበ። ሰው ሩዝ በልቶ ሲጨበጨብለት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከክኒኑና ከዝንጅብሉ የትኛው ይበልጥ እንደረዳኝ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ቀዩ መድኃኒት አልቆ ሌላ ተቀየረልኝ፤ እሱ ውሃ የመሰለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነርሷ ስታንጠለጥልልኝ ሐኪሟ በዚያ አለፈችና አማቴን አይታ ቆመች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከምን እንደሆነ ያውቃሉ? ከዛፍ ቅርፊት ነው።»

አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ከዛፍ?»

«ከዛፍ። ተመራማሪዎች ብዙ ዕፅዋት ሲፈትሹ ነው ያገኙት።»

«እና ቅርፊቱን ቀቅዬ ብሰጣት ኖሮስ?»

«ይመርዛት ነበር። ዛፉ መርዘኛ ነው። ፍሬ ነገሩ ተለይቶ፣ ተጣርቶ፣ በኪሎዋ ልክ ተመጥኖ ነው እዚህ የደረሰው።»

«መጠኑ ነዋ ነገሩ» አሉ አማቴ። «እናቴም መጠን መጠን ስትል ነው የሞተችው።» ወደተንጠለጠለው ላስቲክ ቀረብ አሉና እንደ ሰው አናገሩት፤ «ዘመዴ ነህ ለካ! በል እንግዲህ፣ ልጄን አደራ። ሥራህን በደንብ ሥራ።» ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ፣ ራሳችን የተመለጠው፣ ክንዳችን ላይ መርፌ የተሰካው፣ ሳቅን። ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ሴት «የኔንም ያናግሩልኝ» አለቻቸው፤ እሳቸውም እየዞሩ ሁሉንም አናገሩ።

ዘመድ የተባለው ግን አንድ ነገር ወሰደብኝ። ማቅለሽለሹ ቀለል ሲለኝ ጣቶቼ ደነዘዙ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸው፣ ከዚያ እስከ መሃል። ጓንት ያደረግሁ ይመስለኛል። ትንሽ ጉልበት አገኘሁ ብዬ መኪናዬ ላይ የተቀመጥኩ ዕለት ነጭ ኮሌታ እየሰፋሁ ድንገት ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ መርፌው ጣቴን ወግቶታል። አልተሰማኝም። ልብስ ሰፊ በጣቱ ነው የሚያየው፤ ሐር ይሁን ጥጥ፣ ጨርቁ ይሳብ አይሳብ የሚነግረው ጣቱ ነው። ጡቴ ሲቆረጥ ያላለቀስኩትን ለጣቴ አለቀስኩ።

ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችልኝ። «አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለችኝ።

አማቴን አየኋቸው። ምን እንደምጠይቃቸው ቀድመው አውቀዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሱም ቅጠል የላቸውም። ቢሆንም ሕክምናው አልቆ፣ ሐኪሟ ደምሽ ተስተካክሏል፣ አሁን አፈርም መንካት ትችያለሽ ያለችኝ ሰሞን በረንዳው ላይ ወንበር አወጡልኝና አንድ ክምር ጦስኝ ጭኔ ላይ ጣሉብኝ።

«ከእንጨቱ እየለየሽ ቅጠሉን ሸምጥጪ።»

«እማማ፣ ጣቴ እኮ አይሰማውም።»

«እሱ አይሰማም እንጂ አንቺ ትሰሚ የለ? ሸምጥጪ ብዬሻለሁ።»

ሸመጠጥኩ። ግማሹ መሬት ላይ ይወድቃል፤ እንጨቱም ከቅጠሉ ጋር ይገባል። በየቀኑ ከሰዓት ሥራችን ይህ ሆነ። ይህ መድኃኒቴ ይሁን የሥራ ፈት ማባበያ፣ አልጠየቅኳቸውም። ቆይተው ጨዋታ አመጡ፤ ዓይንሽን ጨፍኚና የያዝሽውን ንገሪኝ። አንዱንም ሳልሳሳት ስነግራቸው ተደሰቱ። ኋላ ግን ነቁብኝ።

«አንቺ ሌባ! በአፍንጫሽ ነው እንዴ የምትለዪው?»

አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጡት። ልጃችን ይህን አይታ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ በኋላ አንዱንም አላወቅሁም፤ ሬቱን ናና፣ ናናውን ጠጅ ሣር እያልኩ ሳስቃቸው ከረምኩ።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ የሬቱ እሾህ ነው። እሾህ ሲወጋው ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ የጦስኙ እንጨት፤ ቀጥ ያለ ደረቅ ክር ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ መምታት በጀመረበት ሰሞን እንደ ወትሮው ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፍንጫዬን ተቆንጥጬ እንደተቀመጥኩ አንድ ቅጠል እጄ ላይ ጣሉልኝ። ለስላሳ ነው። አሻሸሁት። መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም መስመር አለ፤ ከሱ ወደ ጎን ወደ ጎን የሚወጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ በመስመሮቹ መሃል ደግሞ ቅጠሉ እብጥ እብጥ ይላል፤ ልክ እንደ ተሸበሸበ ስስ ጨርቅ። ጫፉ ዙሪያውን የተከረከመ ነው።

«ናና ነው» አልኩ።

«ናና ነው፣ እማማ። ደም ሥሩ ሁሉ ይሰማኛል።»

ዓይኔን ስገልጥ አማቴ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። በእጃቸው ጀርባ ጉንጫቸውን ጠረጉና «ፀሐዩ ነው» አሉ። መቆንጠጫውን ከአፍንጫዬ ላይ አነሳሁና እጃቸውን ስቤ ሳምኩት፤ ሁለቱንም፤ መዳፉንም ጀርባውንም። አፈርና ዝንጅብል ይሸታል። የቆዳቸው ሽብሽብ በጣቴ ሥር አንድ በአንድ ይሰማኝ ነበር።

ዛሬም ጣቶቼ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይደሉም፤ ብርድ ሲሆን ይወጠራሉ። ግን እሰፋለሁ። የኮሌታ ጫፍ እገለብጣለሁ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ፤ አንዳንዴ ልጄን ብጠራትም።

በቅርቡ ለምርመራ ተመልሰን ነበር። ሐኪሟ ፎቶውን አየች፣ የደሙን ውጤት አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ምንም የለም፤ ንጹሕ ነሽ» አለች። ተመስገን አልኩ። አማቴም ተመስገን አሉ። ሐኪሟም ቀስ ብላ ተመስገን አለች።

ውጭ ስንወጣ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ልለው የፈለግሁትን አልኳቸው። «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ ዛሬ የለሁም።»

«ተይ፣ ተይ። ያዳነሽ የዚያች ልጅ እጅ ነው። ከዚያ ያ ዛፍ። እኔማ ምን አደረግሁ? ሻይ አፈላሁ።»

«እምቢ ያሉኝስ? ያን ቀን እሺ ብለው ቀቅለው ቢሰጡኝ ኖሮስ?»

እንዳልሰሙ ሆነው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

አውቶቡሱ ዘገየብንና በእግራችን ጀመርነው። መንገዱ መሃል ላይ ዳቦ ቤት አለ፤ ዳቦው ከምድጃ ገና መውጣቱ ነበር፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ቆምኩ። ሽታ ሸሽቼ የኖርኩ ሰው ሽታ ተከትዬ ገባሁ። አንድ ትልቅ ትኩስ ዳቦ ይዤ ወጣሁና ገምሼ እየሄድኩ እበላ ጀመር። አማቴ በሕይወታቸው መንገድ ላይ በልተው አያውቁም፤ የሚበላ ሰው ሲያዩም «ማደሪያ የለውም እንዴ?» የሚሉ ሴት ናቸው። ግማሹን ዘረጋሁላቸው። ግራ ቀኝ አዩና ተቀበሉኝ።

«ጨው አንሶታል» አሉ እያላመጡ። ትንሽ ሄድ አሉና «እስቲ ያችን የቀረችሽንም ጨምሪልኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።